«ለምን አልመጡም?» ከማለታችሁ በፊት፦ የጤና ፍትሕን ለሚያጠኑ የአሠራር መመሪያ

የመጀመሪያውን የጥናት ጥያቄዬን ዛሬም አልረሳውም። «እናቶች ልጆቻቸውን ለሁለተኛው ክትባት ለምን መልሰው አያመጡም?» የሚል ነበር። የግንዛቤ ማነስ፣ ቸልተኝነት፣ የተሳሳተ እምነት እያልኩ መላምቶቼን ደረደርኩ። 40 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጅቼ አማካሪዬ ዘንድ ሄድኩ። አንብባ ስትጨርስ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጻፈችበት፦ «ክሊኒኩ ክትባት የሚሰጠው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ነው?»

አላውቅም ነበር። ሄጄ ስጠይቅ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ጠዋት ብቻ ነው አሉኝ። አብዛኞቹ እናቶች በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው። ከ40ዎቹ ጥያቄዎቼ ውስጥ አንድም ስለ ክሊኒኩ የሚጠይቅ አልነበረም። ሁሉም ስለ እናቶቹ ነው።

የኅብረተሰብ ጤናን ከማኅበራዊ ፍትሕ ጋር አያይዛችሁ ለምታጠኑ ተማሪዎችና ጀማሪ ተመራማሪዎች ይህን የምጽፈው እኔ የከፈልኩትን ጊዜ እናንተ እንዳትከፍሉ ነው። በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ሥራው ላይ ስትገቡ ግን ወደ ኋላ መመለሳችሁ አይቀርም።

1. የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ፈልጉ

ጥያቄያችሁን በአንድ መስመር ጻፉትና ባለቤቱን አስምሩበት። ትምህርት ቤት የተማርነውን የሰዋስው ባለቤት ማለቴ ነው። «ሕሙማን መድኃኒታቸውን ለምን ያቋርጣሉ?» ካላችሁ ባለቤቱ ሕሙማን ናቸው። ጥፋት ካለ እነሱ ላይ ያርፋል። ገና አንድ ሰው ሳታነጋግሩ ፈረዳችሁ ማለት ነው።

አሁን ገልብጡት። «የመድኃኒት እደላው አሠራር ማንን ያስቋርጣል?» በሉት። ባለቤቱ አሠራሩ ሆነ። የምትሰበስቡት መረጃም አብሮ ይለወጣል። የሕመምተኛውን ዕውቀት ብቻ ከመለካት አልፋችሁ ስለ ርቀት፣ ስለ ወረፋ፣ በአንድ ጊዜ ለስንት ቀን የሚበቃ መድኃኒት እንደሚሰጥ፣ ሠራተኛው በምን ቃና እንደሚያናግር ትጠይቃላችሁ። ሰው በራሱ ሕይወት ላይ ምርጫ የለውም እያልኩ አይደለም። አለው። ግን ምርጫው ምን ያህል እንደሚሰፋ ሳይለኩ በመረጠው ላይ መፍረድ ግማሽ ጥናት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1848 የፕሩሲያ መንግሥት ሩዶልፍ ቪርኮ የሚባል የ26 ዓመት ሐኪም የታይፈስ ወረርሽኝ እንዲያጠና ፖላንድኛ ተናጋሪ ወደሚበዛበት የግዛቱ ክፍል፣ ወደ ላይኛው ሲሌዥያ ላከው። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ተመለሰ። መንግሥት የጠበቀው የሕክምና ምክር ሳይሆን አይቀርም። እሱ ግን ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ይማር፣ ራሱን ያስተዳድር፣ የግብሩ ጫና ከድሃው ላይ ተነስቶ ወደ ባለጸጋው ይዙር ብሎ ጻፈ። የበሽታውን ምክንያት ሲፈልግ የአስተዳደሩ በር ላይ ደረሰ።

ቀጥሎ፣ ያያችሁት ልዩነት በደል መሆን አለመሆኑን ፈትሹ። ሁሉም ልዩነት በደል አይደለም። የዓይን ሞራ ከወጣት ይልቅ አረጋዊን ይይዛል። ይህ ዕድሜ ነው። ከሁለት አረጋውያን አንዱ በቀዶ ሕክምና አይቶ ሌላው መክፈል ስላልቻለ ታውሮ ከቀረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንግሊዛዊቷ የጤና ተመራማሪ ማርጋሬት ዋይትሄድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስቀመጠችው መለኪያ እስካሁን ይሠራል፦ ልዩነቱ ሊወገድ የሚችል ነው? አላስፈላጊ ነው? ፍትሕ የጎደለው ነው? ሦስቱንም በፕሮፖዛላችሁ ውስጥ በግልጽ መልሱ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው «ይታወቃል» ብሎ ያልፈዋል። አትለፉት። ፈታኝ የሚይዛችሁ እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ አጥብቡት። «ድህነት ጤናን ይጎዳል ወይ?» የሚል ጥናት አትሥሩ። ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የዋይትሆል ጥናት በለንደን ከ17 ሺህ በላይ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ተከታትሎ ነበር። የዝቅተኛው እርከን ሠራተኞች በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከከፍተኞቹ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁሉ ደመወዝተኞች ናቸው። ነፃ ሕክምናም ነበራቸው። ደግሞ ነገሩ «ከላይና ከታች» ብቻ አልነበረም። እርከኑ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለ ቁጥር ሞቱ ከፍ ይል ነበር። የዚህን ጥናት ውጤት ከተነተኑት አንዱ የሆኑት ማይክል ማርሞት የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ማኅበራዊ የጤና መንስኤዎች ያቋቋመውን ኮሚሽን መርተው እ.ኤ.አ. በ2008 ሪፖርቱ ወጥቷል። እንግዲህ ክፍተት መኖሩን ለመናገር ዘግይታችኋል። ከእናንተ የሚጠበቀው ከሰንሰለቱ አንዷን ቀለበት ነጥሎ ማሳየት ነው። አንድ የሥራ ሰዓት፣ አንድ ክፍያ፣ አንድ ቅጽ፣ አንድ መመሪያ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ትንሽ ትመስላለች። ይዛችኋት ስትቀመጡ ግን ዓመቱ አይበቃችሁም።

2. ፕሮፖዛሉ ሳይደርቅ ሰዎቹን አግኙ

ብዙዎቻችን ሰዎቹን መጀመሪያ የምናገኛቸው መጠይቅ ይዘን ነው። ያኔ ሁሉ ነገር ተወስኗል። ሃሳብ ቢሰጡን እንኳ የምናስገባበት ቦታ የለንም።

ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ፕሮፖዛሉን ይዛችሁ ሳይሆን ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ። አንዱ «ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በፊት ማን ጠይቋችሁ ያውቃል?» ሁለተኛው «ከዚያስ ምን ተደረገ?» መልሱ ሊያሸማቅቃችሁ ይችላል። «ዓምናም መጥታችሁ ነበር» ተብዬ አውቃለሁ። እኔ አልነበርኩም፤ ለእነሱ ግን ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሁሉ አንድ ነው። ያን ቀን ዝም ብዬ ሰማሁ። የተሻለ ነገር ማድረግ የምችል አይመስለኝም።

ነዋሪ ከባለሙያ ቀድሞ እንደሚያይ ማስረጃ ከፈለጋችሁ የአሜሪካዋን ፍሊንት ከተማ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 የከተማዋ ውኃ ከፍሊንት ወንዝ መቀዳት ጀመረ። ነዋሪዎች ቀለሙንና ሽታውን፣ የልጆቻቸውን ሽፍታ እያሳዩ አቤት አሉ። ባለሥልጣናቱ ውኃው ደህና ነው እያሉ መለሷቸው። ሊአን ዋልተርስ የምትባል እናት ሰነድ እያገላበጠች የራሷን ምርመራ ያዘች። በ2015 የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 300 የሚጠጋ የናሙና መውሰጃ ዕቃ ላኩ፤ ነዋሪዎቹ ራሳቸው አከፋፍለው፣ ቀድተው መለሱ። እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ተገኘ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሃና አቲሻ በልጆች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ መጨመሩን በመረጃ አሳየች። ከአንድ ወር በኋላ ከተማዋ ወደ ቀድሞው የውኃ ምንጭ ተመለሰች። ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተገናኘው የነዋሪው አቤቱታ ባይቀድም ኖሮ ማን ናሙና ይቀዳ ነበር?

ስትስማሙ የሚሆነውን በአንድ ገጽ ጻፉት። መረጃው በማን እጅ ይቀመጣል? ውጤቱን ማን አስቀድሞ ያያል? ውጤቱ የሠፈሩን ስም የሚያጎድፍ ከሆነስ? መጨረሻ ላይ ማን መጥቶ ይነግራቸዋል? በደቡብ አፍሪካ የሳን ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አውጥተዋል። አክብሮት፣ ሐቀኝነት፣ ፍትሕ፣ ተቆርቋሪነትና ሥርዓትን መከተል የሚሉ አምስት ነገሮችን ይጠይቃል። ለዘመናት ተጠንቶ የሰለቸ ሕዝብ የጻፈው ስለሆነ በጥሞና ቢነበብ ደግ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሰዎች ለስብሰባ የሚያጠፉት ሰዓት ሥራቸውን ያስቀራል፤ ስለዚህ የጊዜያቸውን ካሳና የትራንስፖርታቸውን በበጀት ውስጥ አስቡ። ሌላው፣ ሐሳባቸውን ጠይቃችሁ የወሰናችሁት ራሳችሁ ከሆናችሁ ጥናቱን «አሳታፊ» አትበሉት። «አማክረናል» በሉ። ነውር የለውም። ነውሩ ስሙን መዋስ ነው።

3. መጠይቅ ከማተማችሁ በፊት ያለውን መረጃ ቁጠሩ

ተማሪ መጠይቅ ይወዳል። እኔም እወድ ነበር። ግን ግማሹ መልስ ብዙ ጊዜ መዝገብ ቤት ተቀምጧል። የሕዝብ ቆጠራ፣ የቤት ለቤት የጤና ዳሰሳ፣ የክሊኒክ መዝገብ፣ የልደትና የሞት ምዝገባ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በየአገሩ ያለውን የጤና ልዩነት የሚያሳይ የመረጃ ቋትና ማስሊያ ፕሮግራም በነፃ አውጥቷል። መጀመሪያ እነዚህን አሟጡ።

ስታገላብጡ በምን በምን መከፋፈል እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ። መኖሪያ ቦታ፣ ብሔር ወይም ዘር፣ ሥራ፣ ፆታ፣ ሃይማኖት፣ ትምህርት፣ ሀብት፣ ማኅበራዊ ትስስር፤ ከነዚህም በተጨማሪ ዕድሜና አካል ጉዳት። ሁሉንም አትችሉም። ጥያቄያችሁ የሚፈልጋቸውን ምረጡና ለምን እንደመረጣችሁ ጻፉ። ውጤት ካያችሁ በኋላ መምረጥ ግን ዓሣውን ይዞ መረቡን እንደ መሥራት ነው።

ማንን ከማን ጋር እንደምታወዳድሩም አስቡበት። ኮሌራ በውኃ እንደሚተላለፍ ያሳየው እንግሊዛዊ ሐኪም ጆን ስኖው ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የለንደኗን የብሮድ ስትሪት የውኃ ፓምፕ ነው። እኔ የምወደው ሌላውን ሥራውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 የለንደን ኮሌራ ወቅት በተመሳሳይ መንገዶች ላይ የሁለት ኩባንያዎች ቧንቧ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ነበር። አንዱ ኩባንያ፣ ላምቤዝ፣ ከሁለት ዓመት በፊት መቅጃውን ወደ ላይ፣ ፍሳሽ ወደሌለበት የቴምስ ክፍል አዛውሯል። ሳውዝዋርክ ኤንድ ቮክስሆል ግን ከታች ነበር የሚቀዳው። ስኖው የሞቱት ሰዎች የነበሩበትን ቤት እየዞረ ውኃው የየትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። ያው መንገድ፣ ያው አየር፣ ያው ዓይነት ሰው፤ የተለየው ውኃ ሻጩ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ንጽጽር ካገኛችሁ የስታትስቲክስ ውስብስብ ግማሹ ይቀርላችኋል።

ከሁሉ በላይ ግን መዝገቡ ውስጥ የሌለውን ፈልጉ። የቤት ለቤት ዳሰሳ ቤት የሌለውን አያገኝም። እስር ቤት ያለ፣ በሰው ቤት ተቀጥሮ የሚያድር፣ ወረቀት የሌለው ስደተኛ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ የሞተ፣ እነዚህ የሉም። በአንድ ወረቀት ራስጌ ላይ «በዚህ መረጃ ውስጥ የማይታዩት እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጽፋችሁ ዝርዝሩን ሙሉት። ያ ዝርዝር በኋላ የጥናታችሁ ውስንነት ክፍል ይሆናል። አንዳንዴ ጥናቱን ራሱን ይለውጠዋል።

4. ፈቃድ ማለት ፊርማ አይደለም

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ቅጽ አሰልቺ ነው። ግን ከየት እንደመጣ እወቁ። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 በአሜሪካ አላባማ የመንግሥት የጤና አገልግሎት 600 ጥቁር ወንዶችን «ተከታተለ»። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። ምን እንደታመሙ አልተነገራቸውም። ከ1947 ገደማ ጀምሮ ፔኒሲሊን መደበኛ መድኃኒት ቢሆንም አልተሰጣቸውም። ጥናቱ የቆመው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው። ከዚያ በኋላ በ1979 የወጣው፣ ስለ ምርምር ሥነ ምግባር የሚደነግገው የአሜሪካ የቤልሞንት ሪፖርት ከሦስቱ መርሖቹ አንዱን ፍትሕ ያደረገው በከንቱ አይደለም። የጥናቱን ሸክም የሚሸከመውና ፍሬውን የሚበላው ማን ነው የሚል ጥያቄ ነው።

የፈቃድ ቅጹን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሁለት ደቂቃ ካለፈ ረዝሟል። «ይህ ጥናት በማናቸውም መልኩ ጉዳት የማያስከትል መሆኑን እያረጋገጥን» የሚል ነገር ካለበት ሰው አይጽፈውም፣ ሰው አይሰማውም። «እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ አይጓደልም። መሐል ላይም ማቆም ይችላሉ» በሉ። ጠያቂው ነጭ ጋዋን ከለበሰ ይህን ማንም አያምነውም። ጠያቂው የክሊኒኩ ሠራተኛ ባይሆን ይሻላል።

አንድ የምጠቀምበት ምልክት አለ። 100 ሰው ተጠይቆ 100ው እሺ ካለ እጠረጥራለሁ። እምቢ ማለት እንደሚቻል አልገባቸውም ማለት ነው።

ለምን እንደምትጠቀሙበትም በትክክል ተናገሩ። በአሜሪካ ግራንድ ካንየን የሚኖሩት የሃቫሱፓይ ነባር ሕዝቦች እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለስኳር በሽታ ጥናት ብለው ደም ሰጡ። ደማቸው በኋላ ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ዘር አመጣጣቸው ለሚደረግ ጥናትም ዋለ። ሳያውቁት። ክስ መሠረቱ። በ2010 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲን የሚያስተዳድረው ቦርድ 700,000 ዶላር ለመክፈልና የቀረውን የደም ናሙና ለመመለስ ተስማማ። ለአንድ ጥያቄ የተሰጣችሁን ለሌላ ጥያቄ አትጠቀሙበት። ሌላ ካሰባችሁ ተመልሳችሁ ጠይቁ።

በተጨማሪ፣ ሰው ፊታችሁ ሊያለቅስ ይችላል። ጥቃት እንደደረሰበት ሊነግራችሁ ይችላል። ወዴት እንደምትልኩት፣ ማን እንደሚቀበለው፣ ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ በወረቀት ያዙ። በዚያ ሰዓት የሚያስብ አእምሮ አይገኝም።

5. ጥያቄው ጆሮ ሲደርስ

መጠይቁን ተርጉሙ፤ ሌላ ሰው መልሶ ይተርጉመው፤ ሁለቱን አስተያዩ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያደርገው ቀጣዩን ነው። አምስት ስድስት ሰው አስቀምጡና ጥያቄውን ካነበባችሁ በኋላ «ምን የጠየቅኩዎት ይመስልዎታል? በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» በሉ። ያኔ ጉድ ይወጣል። «የጤና አገልግሎት አግኝተዋል?» የሚለውን አንዱ «ሄጃለሁ»፣ ሌላው «ታክሜያለሁ»፣ ሦስተኛው «ድኛለሁ» ብሎ ይተረጉመዋል።

«ጤናዎ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አታላይ ነው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር አማርትያ ሴን ያነሱት ምሳሌ አለ። ከሕንድ ክልሎች ኬራላ ሰው ረጅም ዕድሜ የሚኖርባት ናት፤ ቢሃር ብዙ ወደ ኋላ ትቀራለች። ታመናል የሚሉት ግን የኬራላ ሰዎች በዝተው ተገኙ። የተማረና ሐኪም የሚያገኝ ሰው ሕመሙን ሕመም ብሎ ይጠራዋል። የሌለው ደግሞ ኑሮ ነው ብሎ ይሸከመዋል። ራሳቸው በሰጡት መልስ ብቻ ከፈረዳችሁ የተጎዳው ጤነኛ ሆኖ ያርፋል።

በአንድ ቃለ መጠይቅ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በዕድሜ የገፉ ሰውዬ ናቸው። «ሕመም አለብዎት አባቴ?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ ልጄ» አሉ። ጻፍኩ። ቀጥዬ «ባለፈው ወር አሞኝ ብለው ከሥራ የቀሩበት ቀን ነበር?» ስል ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ። አራት ቀን። «ደረጃ ሲወጡስ?» «ኧረ እሱማ ድሮ ቀረ፣ መሐል ላይ ቁጭ እላለሁ።» ከሦስት ደቂቃ በፊት ደህና ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ስለ ስሜት ሳይሆን ስለ ድርጊት ነው። ስንት ቀን ቀሩ? ስንት ሰዓት ጠበቁ? ለመንገድ ስንት ወጣ? ማን ልጆቹን ያዘልዎት?

የገቢ ጥያቄንም እንዲሁ አዙሩት። ሰው ወርኃዊ ገቢውን ወይ አያውቅም፣ ወይ አይነግራችሁም። ቤቱ ውስጥ ስላለው ነገር ጠይቁ፤ ወለሉ ከምን ተሠራ፣ ውኃ ከየት ይመጣል፣ መጸዳጃው የግል ነው የጋራ። ከዚያ በመነሳት ቤተሰቦቹን ከድሃው እስከ ባለጸጋው በአምስት እኩል ክፍል መደልደል ይቻላል።

6. ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስሉ

እዚህ ላይ ብዙ ጥናት ይሳሳታል፤ ሆን ብሎ የሚያሳስትም አለ። አንድ የፈጠራ ምሳሌ ልውሰድ። በአንድ ቦታ ከ1000 ልጆች ከድሆቹ 100፣ ከሀብታሞቹ 50 ይሞታሉ እንበል። ከአሥር ዓመት በኋላ ከድሆቹ 60፣ ከሀብታሞቹ 20 ሆነ። ክፍተቱ ጠበበ ወይስ ሰፋ?

በመቀነስ ካሰላችሁት ቀድሞ 50 ነበር፣ አሁን 40 ነው። ጠቧል። በማካፈል ካሰላችሁት ቀድሞ 2 እጥፍ ነበር፣ አሁን 3 እጥፍ ነው። ሰፍቷል። ሁለቱም እውነት ነው። ሹሙ የመጀመሪያውን ይዞ መግለጫ ይሰጣል፤ ተቃዋሚው ሁለተኛውን ይዞ ይጮኻል። የእናንተ ሥራ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስቀመጥና አራቱንም መነሻ ቁጥሮች ማሳየት ነው። አንዱን ብቻ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ስታዩም ሌላውን ራሳችሁ አስሉት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ጫፍና ጫፉን ብቻም አታወዳድሩ። የመሐሉን ሦስት ክፍልም አሳዩ። ቁልቁለቱ ደረጃ በደረጃ ነው ወይስ የመጨረሻው ክፍል ብቻ ገደል ገብቷል? መፍትሔው የተለያየ ነው።

ቀጥሎ አጀስት የማድረግ ነገር፤ ማለትም የሌሎች ነገሮችን ተጽዕኖ በስሌት አስተካክሎ ማወዳደር። «ገቢን፣ ትምህርትን፣ መኖሪያን አጀስት ስናደርግ ልዩነቱ ጠፋ፤ ስለዚህ መድሎ የለም» የሚል መደምደሚያ ስንት ጊዜ አንብቤያለሁ! እስቲ አስቡት። አንድ ሕዝብ ለትውልድ ከትምህርትና ከሥራ ተገፍቶ ከሆነ ግፉ የሚያልፈው በነዚያው በትምህርትና በገቢ በኩል ነው። መንገዱን ከሞዴሉ ስታጠፉት በመንገዱ ላይ የሄደውም አብሮ ይጠፋል። ልዩነቱ አልጠፋም፤ በየት በኩል እንዳለፈ ነው ያያችሁት። መጀመሪያ ያልተነካውን ቁጥር አቅርቡ። ከዚያ እያንዳንዱን ስትጨምሩ ምን ያህል እንደሚቀንስ በተርታ አሳዩ። ብሔርን ወይም ዘርን እንደ መንስኤ አትጻፉ። በሽታ የሚያመጣው ብሔሩ አይደለም፤ ብሔሩን አስታኮ የሚደርስበት ነገር ነው። እሱን ለኩ።

ሠንጠረዡን ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ትንንሾቹን ሳጥኖች ፈትሹ። በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ካለ ጎረቤት ያውቃቸዋል። አዋህዷቸው ወይም ደብቋቸው። ስማቸውን መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ላታንያ ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሥራ 87 በመቶ የሚሆነው የአሜሪካ ሕዝብ በልደት ቀን፣ በፆታና በፖስታ ኮድ ብቻ ተለይቶ ሊታወቅ እንደሚችል ገምታለች። ስም አልነበረበትም።

7. «ተ»ን ጠርጥሩ

አማርኛችን አድራጊን መደበቂያ የሚሆን አንድ ፊደል ሰጥቶናል። ጣቢያው ተዘጋ። በጀቱ ተቀነሰ። ሠፈሩ ተረሳ። ማን ዘጋው? ማን ቀነሰው? አንዲት «ተ» ስንት ሰው ትሸሽጋለች! ረቂቃችሁን ስትጨርሱ በዚህች ፊደል የሚጀምሩትን ግሦች አክብቡ። አድራጊውን የምታውቁ ከሆነና ማስረጃ ካላችሁ ጻፉት። ከሌላችሁ ደግሞ አትወንጅሉ፤ «ውሳኔው የየትኛው አካል እንደሆነ ሰነድ አላገኘንም» ማለትም መረጃ ነው።

ሌሎችም የሚያሳስቡ ቃላት አሉ። «ለመድረስ አስቸጋሪ የሆኑ ሰዎች» እንላለን። ሰዎቹ ቤታቸው ናቸው። የራቀው አገልግሎቱ ነው። «ተጋላጭ» ስትሉም ለምን፣ በማን ምክንያት የሚለውን አስከትሉ፤ አለበለዚያ ተፈጥሮ ይመስላል። «መመሪያ የማያከብሩ ሕሙማን» ከምትሉ «ቀጠሮው ላይ ያልተገኙ» በሉ። የምታውቁት ያን ብቻ ነው።

8. ተመልሳችሁ ንገሯቸው

የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በፈታኞች ፊት ከምትከላከሉበት ቀን በፊት አድርጉት። በኋላ ብዙ ሰው አይመለስም፤ ሥራ ይገኛል፣ ስልክ ይቀየራል። የመመለሻውን ቀን በጊዜ ሰሌዳው ውስጥ መጀመሪያ አስገቡት፤ ሌላውን በዙሪያው ደልድሉ።

አንድ ገጽ ይበቃል። ሦስት ግኝት፣ አንድ ሥዕል፣ ፊደሉ ትልቅ ይሁን። ማንበብ ለማይችል በቃል። ከዚያ «እኛ ያገኘነው ይህ ነው፤ እናንተ ስታዩት ትክክል ነው?» ብላችሁ አፋችሁን ዝጉ። የሚነግሯችሁን መዝግቡ፤ ትንታኔያችሁን ካስለወጠ ለውጡት። ስማቸው በምስጋናው ላይ እንዲወጣ ወይም እንዳይወጣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

የውሳኔ ሰጪውን ጉዳይ በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። ያችን ነገር በእጁ የያዘውን ሰው ፈልጉ። የክሊኒክ ሰዓት ለመቀየር ሚኒስትር አያስፈልግም፤ የክሊኒኩ ኃላፊ ትበቃለች። 12 ምክረ ሐሳብ ይዛችሁ አትሂዱ። አንድ ያዙ። ለማድረግ ምን እንደሚያስፈልጋት ጠይቋት። ብዙ ጊዜ እሷም ከላይ የመጣ አሠራር አንቋት ነው። ያኔ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው፤ ቀጣዩን ጥያቄ አገኛችሁ።

የድምፅ ቅጂዎቹንም አትርሱ። ኮሚቴው ባጸደቀው ቀን አጥፉ። ላፕቶፓችሁ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ የረዳታችሁ ስልክ ላይ ያለውን ሁሉ። የረዳት ስልክ ላይ ያለው ሁልጊዜ ይረሳል።

እኔ ውጤቱን ልነግር ስመለስ በመቶኛዎች የተሞላ ፖስተር ይዤ ነበር የሄድኩት። ገና ሰቅዬ ሳልጨርስ ከኋላ የተቀመጠች ሴት እጇን አወጣች። «አሁንስ በስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?» አለች። እንደገና አላውቅም ነበር። ፖስተሩን ትቼ ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ።